አንድን ማሳ ሁለት ጊዜ ያጨደው ስሌት

ይህን ነገር ሳወራ ዛሬም ድምፄ ከፍ ይላል። ልጆቼ «እማዬ፣ ያለፈ ነገር ነው እኮ» ይሉኛል። አላለፈም። ስለዚህ በንዴት እንደምጽፍ ከወዲሁ እወቁት። እንዲህ ያለውን ነገር ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው ሳይ ያላየውን የሚያወራ ይመስለኛል።

ከድጃ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው። አባቴ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ የእናቴ ወገኖች ደግሞ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ደጋ ላይ ገብስ አራሾች ናቸው። ጊዜው የደርግ መጨረሻ አካባቢ፣ ጦርነቱ ገና ወደ እኛ ሳይዘልቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምሬ እንደጨረስሁ ደሴ አንድ የፕላን መሥሪያ ቤት ተመደብሁ። ያኔ ለሰው የማልመለስ፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርሁ። እናቴ «ይቺን ልጅ ማን ያገባት ይሆን» ትል ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የውጭ ተራድኦ የሰጠው አንድ ኮምፒዩተር ነበረው። አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ይለብሳል፤ እኛም መስጊድ እንደምንገባ ጫማችንን አውልቀን ነበር የምንገባበት። እሱን የምናዝበት ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ንዴቴ አይገባችሁም።

መረጃ የምናስቀምጥባቸውን ነገሮች «መያዣ» እንላቸው ነበር። እያንዳንዱ መያዣ ጎኖች አሉት። «ምርታማነት» የሚባለው መያዣ ሦስት ጎን ነበረው፤ የገበሬ ማኅበሩ፣ የእህሉ ዓይነት፣ እና ወቅቱ፣ ማለትም በልግ ነው ወይስ መኸር። «መሬት» የሚባለው ግን ሁለት ጎን ብቻ ነበረው፤ ማኅበሩና እህሉ። «መሬት ሲባዛ በምርታማነት» ብላችሁ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፤ ማሽኑ ራሱ በየማኅበሩ፣ በየእህሉ፣ በየወቅቱ እየዞረ ያባዛል። ከሁለቱ መያዣዎች አንዱ አንድ ጎን ቢጎድለው አያጉረመርምም። ያለውን አንድ ቁጥር ይወስድና ለእያንዳንዱ ወቅት ይደግመዋል። በቦታው ሲሆን ይህ ግሩም ነገር ነው። የጨው ዋጋ በበልግም በመኸርም አንድ ከሆነ ሁለት ጊዜ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ቋንቋውን ወድጄው ነበር፤ አሁንም አልጠላውም።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ መኮንን ይባሉ ነበር። ውጭ አገር የተማሩ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ሰው ሲታመም የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ክፉ ነበሩ ብል ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበሩም፤ የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው። የተወለዱበት አገር ክረምቱ አንድ፣ አዝመራው አንድ ነው። ገበሬው በዚያ ዓመት ለመንግሥት የሚያስረክበውን የእህል ኮታ ስሌት እኔ ከመመደቤ በፊት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከምርቱ ላይ የገበሬው ቀለብና ዘር ይቀነሳል፤ የተረፈው «ትርፍ» ይባላል፤ ኮታው ከዚያ ላይ ይነሳል። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነገር ነው።

ጥር ሊያልቅ ሲል ኮታውን ለገበሬ ማኅበራት ሊቀመናብርት ለማሳወቅ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ወደ ሐይቅ ወረድን። ማሽኑ ያተመውን ረጅሙን ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እመለከት ነበር። ስብሰባው ላይ እንዳነበው የታዘዝሁትም እኔ ነበርሁ። ደጋ ላይ ካሉት ማኅበራት አንዷ ወይራ አምባ ናት። ወይራ አምባ፣ ገብስ፣ በልግ ይላል፤ ምርቱ ብዙ ነው። ከሥሩ ወይራ አምባ፣ ገብስ፣ መኸር ይላል፤ እሱም ብዙ ነው። ወደ ላይ ወደ ታች አየሁ። ደጋው በሙሉ እንዲሁ ነው።

«ጓድ መኮንን፣ ‹መሬት› ወቅት የለውም እንዴ?» አልኋቸው።

«መሬት ደግሞ ምን ወቅት አለው?» ብለው ሳቁ። «በበልግም በመኸርም እዚያው ነው ያለው።»

«መሬቱማ እዚያው ነው። ግን በበልግ የተዘራ ማሳ በመኸር አይዘራም። ደጋ ላይ የበልጉ ገብስ እስኪደርስ ክረምቱ ይገባል፤ ከዚያ መሬቱ ያርፋል። መኸር የሚዘራው ሌላ ማሳ ላይ ነው። ይሄ ስሌት ግን ማሳውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አጭዶታል!»

«ከድጃ፣ ይህ አዲስ አበባ ደርሶ ጸድቆ የመጣ ነገር ነው።»

«ያጸደቁት በልግ ያውቃሉ?»

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ጓድ መኮንን በመስኮት ማየት ጀመሩ። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ፊቴን አዩና ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ፤ «እኔ አነበዋለሁ» አሉ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከመድረኩ ላይ የኮታ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ተቀምጧል፤ ሁሉም ሰው «መቶ አለቃው» ነው የሚለው። ወጣት፣ አጭር፣ ሲናገር ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነው። ጓድ መኮንን በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው አንድ በአንድ አነበቡ። የቆላዎቹ እያጉረመረሙ ተቀበሉ። ደጋዎቹ ጋ ሲደርሱ የወይራ አምባው ሊቀመንበር ተነሡ። አያ እንድሪስ ይባላሉ፤ ሽበታም፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እንደታጠቁ ናቸው። ከእናቴ ከሐሊማ ወገኖች ጋር ጎረቤት በመሆናቸው በዓይን አውቃቸዋለሁ።

«ጌታው፣ ወላሂ ይህን ያህል እህል አምና ቀርቶ በአባቴም ጊዜ ወይራ አምባ ላይ አልታየ» አሉ።

«ትርፍ አላችሁ ይላል ወረቀቱ» አለ መቶ አለቃው።

«እንዲያ ከሆነ ከወረቀቱ ላይ ይውሰዱታ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። መቶ አለቃው ጠረጴዛውን ሲመታ ግን ሳቁ ተቆረጠ።

«አሻጥረኛ! የአብዮቱን ዕቅድ ትቀልድበታለህ? እህሉን የት ነው የደበቅኸው?»

«ምን እህል አለኝ ብለው ነው?»

«ያዙት! ነገ ማለዳ ሁለት ኦራል መኪና ወይራ አምባ ይወጣል። ጎተራ ሁሉ ተከፍቶ ይፈተሻል፤ የተገኘው ይጫናል።»

ያኔ የሽማግሌው ድምፅ ተለወጠ። ሁለት ሚሊሺያዎች ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ክንዳቸውን ረስተውታል። «ጌታው፣ ጎተራ ውስጥ ያለው የበልግ ዘር ነው። የካቲት ሲገባ የምንዘራው። እኔን የወደዱትን ያድርጉኝ፤ አላህን ይፍሩ፣ ዘሩን አይንኩ!»

አወጧቸው። ስብሰባው ቀጠለ። ጓድ መኮንን የሚቀጥለውን ማኅበር ኮታ አነበቡ።

ስብሰባው ሲበተን ጓድ መኮንንን ከአዳራሹ ጀርባ ያዝኋቸው።

«አሁኑኑ ለመቶ አለቃው ይንገሩት!»

«ምን ብዬ?»

«‹መሬት ላይ ወቅት የሚባል ጎን ስላላኖርሁበት ማሽኑ ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል› ብለው!»

ዞር ዞር ብለው አዩ። «ድምፅሽን ቀንሺ። በዚህ ጊዜ ‹ተሳስቻለሁ› ያለ ሰው የት እንደሚገባ አታውቂም? ስሕተት አይሉትም፤ አሻጥር ነው የሚሉት። ልጆች አሉኝ፣ ከድጃ።»

«አያ እንድሪስስ? ወይራ አምባ ልጅ የለም?»

ትቻቸው በቀጥታ ወደ መቶ አለቃው ገባሁ። ስሌቱ ስሕተት ነው፣ ወይራ አምባ ትርፍ የላትም አልሁት። ሊያስወጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሲጋራውን አጥፍቶ አየኝ።

«በቃል ነው የማምንሽ? የታተመ ነገር የሚሻረው በታተመ ነገር ነው። ከማሽኑ አውጥተሽ አምጪልኝ።»

«ባመጣ ኦራሎቹን ያስቆሟቸዋል?»

«ሳይወጡ ካመጣሽ አስቆማቸዋለሁ።»

ቃል ነው ብዬ ያዝሁት። ነገር ግን የትኛው መሬት በበልግ የትኛው በመኸር እንደሚዘራ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ ጠይቆም አያውቅም። እየሮጥሁ ወጣሁ። የደጋ ሊቀመናብርቱ ገና አልሄዱም፤ የአዳራሹን ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። መሬታችሁን በወቅት በወቅት ንገሩኝ ስላቸው ተያዩ።

«ደግሞ ለሌላ ኮታ ነው?» አሉኝ ከግሸን ሥር የመጡት አቶ አያሌው።

«የአያ እንድሪስን ዘር ለማትረፍ ነው። ማሽኑ የበልጉን ማሳ በመኸርም አጭዶታል።»

አቶ አያሌው ትንሽ አሰቡና «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንዱ ለሌላው እየመሰከረ፣ እየተራረሙ ነገሩኝ። የወይራ አምባን የነገሩኝ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ አብዛኛው መሬት የበልግ ነው፣ የመኸሩ ጥቂት ነው አሉ። «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ፣ አላህ ያግዝሽ» ብለው ሸኙኝ።

ደሴ በአውቶቡስ ስደርስ የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ነበር። ጥበቃውን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ መልሼ ለምኜ አስከፈትሁት። ጫማዬንም ሳላወልቅ ገባሁ። «መሬት»ን በአዲስ ፈጠርሁት፤ ሦስተኛ ጎኑን ጨመርሁለት፤ ሊቀመናብርቱ የነገሩኝን በየወቅቱ አስገባሁ። ከዚያ ያንኑ የጓድ መኮንንን መስመር አንድ ፊደል ሳልለውጥ አስኬድሁት። መሬት ሲባዛ በምርታማነት። ማተሚያው እየተንጫጫ አወጣው። የደጋዎቹ ምርት ወርዷል። የወይራ አምባ ትርፍ የሚለው ቦታ ላይ ባዶ ነው። ምንም። ሰዎቹ ቀለብና ዘራቸውን ከያዙ በኋላ አንድ ቁና የሚሰጡት አልነበራቸውም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ቆሽቴ አረረ። አንድ ጎን! ሰውን «ይህ ማሳ መቼ ነው የሚዘራው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሐይቅ ስልክ አስደወልሁ፤ የኮሚቴው ቢሮ ተዘግቷል፤ የሚያነሳ የለም። ሰዓት እላፊ ስለነበር በዚያ ሰዓት መንገድ የሚወጣ መኪናም የለም። አክስቴ ቤት አድሬ በማለዳ መናኸሪያ ተገኘሁ። አውቶቡሱ ሳይሞላ አይነሳም። ሹፌሩን «የሰው ነፍስ ነው» አልሁት። «ሁሉም የሚለው እሱን ነው» አለኝ። ወንበሩ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ከንፈሬን በላሁ። ዶሮ የያዘች ሴትዮ ቦታ ስትመርጥ ጮኼባታለሁ፤ ምን አደረገችኝ እሷ!

ሐይቅ ስደርስ መቶ አለቃው ቢሮው ነበር። ከሰላምታ በፊት «ኦራሎቹስ?» አልሁ።

«ጎህ ሲቀድ ወጡ። አልመጣሽማ።»

ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁት። እንዳስረዳው ጠየቀኝ።

«ባልና ሚስት አንድ ጋቢ አላቸው እንበል» አልሁት። «ቀን ባልየው ይለብሰዋል፣ ማታ ሚስቲቱ ትለብሰዋለች። አንድ ሰው ቀን መጥቶ አንድ ጋቢ ብሎ ይጽፋል፤ ማታም መጥቶ አንድ ጋቢ ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ሁለት ጋቢ አላችሁ፣ ትርፉን አምጡ ይላቸዋል። ስሌቱ ያደረገው ይህንን ነው።»

መቶ አለቃው ገብቶታል። በአንድ ጋቢ ገብቶታል! ጓድ መኮንንን አስጠራቸው። ሐይቅ ነበር ያደሩት።

«የምትለው እውነት ነው?»

ጓድ መኮንን ወረቀቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ልክ ናት። ቴክኒካዊ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ለሚቀጥለው ዓመት...»

«ትናንት ለምን አልነገርኸኝም?»

መቶ አለቃው ጠረጴዛውን አልመታም። ሚሊሺያውን ጠርቶ «ሽማግሌውን ልቀቃቸው» አለ። ሞተር ብስክሌት ያለውን ሰው ልኮ ኦራሎቹን እንዲያስቆም ለመንሁት፤ ሰውየውን ፈልጉት አለ። ሰውየው እስኪገኝ፣ ቤንዚን እስኪፈቀድለት፣ ሞተሩ እስኪነሳ ረፋድ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከከተማው ሳይወጣ ሁለቱ ኦራሎች ተጭነው ገቡ።

ሮጥሁ። ጆንያዎቹ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። አንዱ ተቀዶ ገብሱ ይንጠባጠባል። በእጄ ዘገንሁት፤ እጄ ግራጫ ሆነ። በአገራችን ዘር ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ ታሽቶ ይቀመጣል። የሚበላ እህልን ማንም በአመድ አያሽም። የጫኑት ሰዎች የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ምን እንደሚጭኑ ያውቁ ነበር። እጃቸው ሁሉ በአመድ ተለውሶ ነበር።

«ይመለስ!» አልሁ። «መቶ አለቃ፣ ልክ አይደለም ብለዋል እኮ። ይመለስላቸው!»

«ሲጫን ተመዝግቧል። ከዚህ በኋላ የኮምቦልቻ መጋዘን ነው። ለመመለስ የበላይ ትዕዛዝ ያስፈልገኛል፤ እናንተ ለበላይ ጻፉና ይፍቀዱልኝ።»

ወደ ጓድ መኮንን ዞርሁ። ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ማሽኑ ውስጥ የተረከብነውን የምናስገባበት መያዣ አለን። የመለስነውን የምናስገባበት የለንም። ‹ኮታው ተፈጸመ› ተብሎ በክንውን ይግባ።»

እውነታቸውን ነበር። «ተመላሽ» የሚባል መያዣ ማንም አልፈጠረም። ለገበሬው የሚመለስ ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ በአንድ ደቂቃ እፈጥረዋለሁ አልኋቸው። «ማን ፈቅዶልሽ?» አሉኝ።

በዚህ መሐል አያ እንድሪስ ከእስር ቤቱ ወጡ። ሚሊሺያው «ነጻ ነዎት፣ አባባ፣ ስሕተት ነበር፣ ይሂዱ» ይላቸዋል። እሳቸው ግን ኦራሎቹን እያዩ ነው። ቀስ ብለው መጡና የተቀደደውን ጆንያ ዳሰሱ። ጣታቸውን አሸተቱ።

«አያ እንድሪስ፣ እኔ የእነ ሐሊማ ልጅ ነኝ» አልሁ እያለቀስሁ። «ስሌቱ ስሕተት እንደነበር አምነዋል። አንቱን ለቀዋል።»

«ዘሩንስ?»

«አልመልስም አሉ።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያመኑት?»

ጥያቄያቸውን ይዤ ወደ መቶ አለቃው ዞርሁ።

መቶ አለቃው ከበሩ ላይ ሆኖ «ሽማግሌ፣ ወደ ቤትህ ግባ» አለ።

«የት ቤት?» አሉ አያ እንድሪስ። አልጮኹም። «ያ ሁሉ ሰው ‹ሊቀመንበር› ያለኝ ለዚህ ነው? ባዶ እጄን ገብቼ ምን ልላቸው? ወረቀቱ ተስተካክሏል ልበላቸው? ዘሬን ስጡኝና ልሂድ፤ አለዚያ ወደነበርሁበት መልሱኝ።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እስር ቤቱ ተመለሱ። ሚሊሺያው በሩ ላይ ግራ ገብቶት ቆመ። «አባባ፣ አልተፈቀደም» አላቸው። አልፈውት ገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። በሩ ክፍት ነው፤ የሚያስራቸው የለም፤ እሳቸው ግን አልወጣም አሉ። ኦራሎቹ ተነሥተው በኮምቦልቻ መንገድ ሲሄዱ የሞተሩን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ቀና ብለው አላዩም።

በማግሥቱ የወይራ አምባ ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ወርደው ለምነው ወሰዷቸው። «አንተ መቼ በደልኸን» ብለው እግራቸው ላይ ወድቀው ነው የወሰዷቸው።

እኔ ደሴ ስመለስ ጓድ መኮንን የተጫነውን እህል በክንውን እንዳስገባ አዘዙኝ። አላስገባም አልሁ። ዘር ነው፣ በትርፍ ስም አልጽፈውም አልሁ። ራሳቸው አስገቡት። የወይራ አምባ ክንውን መቶ በመቶ ሆኖ ወጣ። እህሉ ከተገኘ ትርፍ ነበራቸው ማለት ነው ተባለ፤ የተሳሳተው ስሌት በዘረፋው እውነት ሆነ። እኔ ከሥራ ተባረርሁ። ሐይቅ ተመልሼ ሒሳብ ሳስተምር ኖርሁ። ወደ አዲስ አበባ የጻፍሁት አቤቱታ መልስ አላገኘም።

ዛሬ ኮምፒዩተር ፊት የምትቀመጡ ልጆች፣ ለእናንተ ነው የማወራው። ማሽኑ አልዋሸም። የተሰጠውን በተሰጠው ጎን አባዛ። የሁለት መያዣ ጎን እኩል ሳይሆን ሲቀር የጎደለውን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ በዚያም ግምት ውስጥ ሰው ይኖራል። መስመሩ ሠራ፣ ስሕተት አልጮኸም ብላችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቁጥር «የማን ነው? የመቼ ነው?» ሳልል አልፌ አላውቅም። ተማሪዎቼም፣ ባሌም፣ የቀበሌ ሰዎችም በዚህ ተማርረውብኛል። ይማረሩ። ስሕተቱን ይቅር እላለሁ፤ ሰው ይሳሳታል። ስሕተት መሆኑን አውቆ፣ አምኖ፣ ዘሩን ጭኖ የሄደውን ግን ይቅር አልልም። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለሌላ ነገር ነው፤ ይህንን ሆዴ አይፈጀውም።

እና አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰዎች ስለ ወሎ ረኀብ ሲያወሩ ሁልጊዜ ዝናብ ቀርቶ ነው ይላሉ። በዚያ ዓመት በልጉ አልቀረም። የካቲት ላይ ጀመረ፤ መጋቢትን ሙሉ፣ ቀስ ብሎ፣ ገበሬ እንደሚመኘው አድርጎ ጣለ። ሚያዝያ ላይ የእናቴን ዘመዶች ልጠይቅ ወጥቼ በወይራ አምባ በኩል አለፍሁ። ማሳው ሁሉ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል። አንድም ቡቃያ አልነበረበትም።